ሪዝነሩ «አይዛመዱም» የማይለው ለምንድን ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ፣ ሦስት ሺህ ያህል ስም፣ ፕሮቴዤ በተባለው ሶፍትዌር አስገብተው አውል በተባለው ቋንቋ ኦንቶሎጂ (ነገሮችንና ግንኙነታቸውን ለኮምፒውተር የሚገልጽ ሞዴል) ሠርተዋል። ዓላማቸው ሁለት ወጣቶች ሲተጫጩ ሰባት ቤት መራቃቸውን ሪዝነሩ (ከተጻፈው ተነሥቶ ድምዳሜ የሚያወጣው ፕሮግራም) እንዲያረጋግጥላቸው፣ በዚያው ላይ ደግሞ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚጠይቃቸው ሁኔታዎች መሟላታቸውን እንዲያጣራ ነው። ሦስት ነገር ገጠማቸው። «መጋባት ይችላሉ» ብለው ባበጁት ክፍል ውስጥ አንድም ጥንድ አልገባም። ዘመድነትን ሲገልጹ ሰው ሁሉ የራሱ ዘመድ ሆኖ ወጣ። የወላጅን ሰንሰለት እስከ ሰባት ሲያረዝሙት ደግሞ ሪዝነሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ መልስ ሳይሰጥ ነጋ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የቋንቋው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ከሦስቱ ሁለተኛው በከፊል የእርስዎ ነው። የቀሩት ሁለቱ የቋንቋው ጠባይ ስለሆኑ ሞዴሉን እንደ አዲስ ቢጽፉትም፣ ሪዝነር ቢቀይሩም፣ ጉልበተኛ ኮምፒውተር ቢገዙም አይለቁዎትም። ስለዚህ መልሴ ከእርማት አልፎ የትኛው ሥራ ለየትኛው መሣሪያ ሊሰጥ ይገባል ወደሚለው ይሄዳል፤ ረዘም ስለሚል ይታገሱኝ።

በመጀመሪያው ልጀምር። አውል (የምህጻሩ ፊደላት ከቃላቱ ቅደም ተከተል ወጥተው የጉጉትን የእንግሊዝኛ ስም እንዲሠሩ ተደርገዋል) በ2004 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት መስፈርት የሆነ፣ ሁለተኛው እትሙም በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ቋንቋ ነው። መሠረቱ የገለጻ ሎጂክ ስለሆነ ሪዝነሩ አንድን ነገር እውነት ነው የሚለው እርስዎ ከጻፉት ጋር በማይጋጭ በማናቸውም ዓለም ውስጥ እውነት ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ያልጻፉትን ነገር ሐሰት ነው አይልም፤ አላውቀውም ነው የሚለው። ይህ የክፍት ዓለም ግምት ይባላል። የመረጃ ቋት በተቃራኒው ነው የሚያስበው፦ በባንክ ደብተርዎ ላይ ያልተመዘገበ ገንዘብ የለም፣ አለቀ። ሬይመንድ ራይተር የተባለው ተመራማሪ ይህን ሁለተኛውን አስተሳሰብ በ1978 እ.ኤ.አ. የዝግ ዓለም ግምት ብሎ ሰየመው።

ይህ በእርስዎ መዝገብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ቀረብ ብለን እንየው። ሰላማዊት የምትባል ልጅ አለች እንበል። በአባቷ በኩል እስከ አምስተኛ አያቷ ተጽፏል፤ በእናቷ በኩል ግን መዝገቡ አያቷ ላይ ይቆማል። ዳዊት ደግሞ በሁለቱም ወገን እስከ አራት ቤት ይታወቃል። በሞዴልዎ ውስጥ «ሰው ሁሉ አንድ እናትና አንድ አባት አለው» የሚል አክሲዮም (ሞዴሉ እንደ እውነት የሚቀበለው ዓረፍተ ነገር) ስላስገቡ ሪዝነሩ ለሰላማዊት አያት ስም የሌላት እናት ይፈጥርላታል፤ ለዚያችም እናት፣ ለዚያችም እናት እያለ ይቀጥላል። አሁን ከእነዚህ ስም ከሌላቸው ሴቶች አንዷ የዳዊት ቅድመ አያት እንዳትሆን የሚከለክል ነገር በመዝገቡ ውስጥ አለ? የለም። ሪዝነሩ ሁለቱ የሚገናኙበትን ዓለም ማስቀረት ስለማይችል «አይዛመዱም» ብሎ አይፈርድም፤ ስለዚህም ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ልብ ይበሉ፣ ይህ የአገር ሽማግሌም የሚሰጠው መልስ ነው። የእናቷን ወገን የማያውቅ ሽማግሌ «ይጋቡ» ብሎ አይመርቅም፤ ባላገሩ ይጠየቅ ይላል። ልዩነቱ ሽማግሌው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ሲነግርዎት ሪዝነሩ ዝም ማለቱ ነው።

ዓለሙን ልዝጋው ቢሉስ? ይቻላል፣ ግን ዋጋውን ይመልከቱት። አውል ውስጥ ዓለም የሚዘጋው «ከተጻፉት በቀር ሌላ የለም» የሚለውን በእያንዳንዱ ሰው ላይ ለብቻ በመናገር ነው። እናትና አባታቸው የተመዘገቡትን ሰዎች «ወላጆቹ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው» ብለው ይዘጓቸዋል። የሐረጉ አናት ላይ ሲደርሱ ግን ለመዝጋት የሚቀርዎት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ሰባተኛ አያትዎ ወላጅ አልነበራቸውም። ከአዳም በቀር ይህን ለማን ይናገሩለታል? «ሰው ሁሉ እናትና አባት አለው» ከሚለው አክሲዮምዎ ጋርም በግልጽ ስለሚጋጭ አንዱን መሰረዝ ይኖርብዎታል፤ የትኛውንም ቢሰርዙ ደግሞ ሞዴሉ ሐሰት መናገር ወይም እውነትን መተው ይጀምራል።

ከዚህ ሥር ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጉዳይ አለ። ዘመድነትን የገለጹት በፕሮፐርቲ (እንደ «ወላጅ» ያለ፣ ሁለት ነገር የሚያገናኝ ግንኙነት) ሰንሰለት ነው፦ የወላጄ ወላጅ ልጅ ልጅ ዘመዴ ነው። አውል 2 ይህን ሰንሰለት የሚቀበለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ካለ ዘመድነት አለ ይላል፤ ሰንሰለቱ ከሌለ ዘመድነት የለም የሚል አነጋገር ለፕሮፐርቲ አልተሰጠውም። አንድን ክፍል «ይህ ማለት ያ ነው» ብለው በሁለቱም አቅጣጫ መበየን ይችላሉ፤ ፕሮፐርቲን ግን ከሰንሰለት ጋር እኩል ነው ብለው መበየን አይችሉም። በመሆኑም መዝገብዎ እስከ አዳም ድረስ ሙሉ ቢሆን እንኳ የአሁኑ ሞዴል ዘመድነትን እንጂ ባዕድነትን አያወጣም። ባዶው ክፍል የመረጃ እጥረት ብቻ ነው ብለው ገጠር ወርደው ተጨማሪ ስም ለመሰብሰብ አስበው ከነበረ፣ ስሙን ይሰብስቡ፣ ክፍሉ ግን አይሞላም።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ሰው የራሱ ዘመድ የሚሆነው እኔም የወላጄ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ከእኔ ወደ ወላጄ ወጥቶ ወደ ልጁ የሚወርድ ሰንሰለት ከወንድሜ በፊት እኔው ላይ ያርፋል። ወዲያው የሚታሰበው መፍትሔ ዘመድነት ወደ ራስ የማይመለስ ፕሮፐርቲ ነው ብሎ ማወጅ ነው፤ ነገር ግን አውል 2 ይህን ዓይነቱን አዋጅ በሰንሰለት በተገለጸ ፕሮፐርቲ ላይ ይከለክላል። ክልከላው የተቀመጠው ያለ እርሱ ሪዝነሩ ሥራውን መጨረሱ ዋስትና ስለማይኖረው ነው። ስለዚህ ሰዎች «ይህ ከሆነ ያ ነው» የሚሉ ሕጎች ለኮምፒውተር ወደሚጻፉበት ቋንቋ፣ ወደ ስዊርል፣ ይሄዳሉ፦

ወላጅ(ሀ፣ ለ) እና ወላጅ(መ፣ ለ) እና ልዩ(ሀ፣ መ) ከሆነ፣ ወንድም-ወይም-እህት(ሀ፣ መ)።

«ልዩ» የሚለው ሁኔታ ነው ቁም ነገሩ፤ የእርስዎ ሕግ ውስጥ የጎደለውም እርሱ ነው። ሆኖም ማስገባቱ ብቻውን አይበቃም። አውል ሁለት የተለያዩ ስሞች ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ አይገምትም። ሰላማዊትና ታናሽ ወንድሟ ልዩ ልዩ ሰዎች መሆናቸውን ካልነገሩት ሕጉ አይነሳም፤ ወንድምና እህት የሆነ ማንም ሳይገኝ ይቀራል። ስለዚህ በመዝገቡ ያሉት ሦስት ሺህ ሰዎች ሁሉም ልዩ ልዩ ናቸው ብለው ማወጅ አለብዎት።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ስም አመዘጋገብ ጣጣውን ይዞ ይመጣል። አንዱ መዝጋቢ «ዓለሙ»፣ ሌላው «አለሙ» ብሎ ጽፏል። አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ» ይላል። አንዱ የመጠሪያ ስሙን፣ ሌላው የክርስትና ስሙን አስገብቷል። የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው፤ አንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስት አበበ ከበደ ቢገኝ ማንም አይደነቅም። አባት አንድ ብቻ ነው የሚለውን አክሲዮም ይዘው ለአንድ ልጅ ሁለት አባት ተጽፎ ቢገኝ ሪዝነሩ ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፤ ሁለቱን አባቶች አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት በሠራሁት መዝገብ ላይ ጸሐፊው ለአንዲት ልጅ አባቷንም አሳዳጊ አጎቷንም በአባት ቦታ አስገብቶ ነበር። ሪዝነሩ ሁለቱን ወንድማማቾች አዋሐዳቸውና የአንዱ ሚስት የሌላውም ሚስት ሆነች፣ የአጎት ልጆች እህትማማቾች ሆኑ፣ አንድም የስህተት መልእክት ግን አልወጣም። ያወቅነው አንዲት ሴት በሕትመቱ ላይ የባሏን ስም አይታ ስትስቅ ነው።

ሁሉም ልዩ ናቸው ብለው ካወጁ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፦ ዓለሙና አለሙ ልዩ ናቸው ተብሏል፣ አባት አንድ ነው ተብሏል፣ ልጁ ሁለቱንም አባት አድርጓል። ይህ ተቃርኖ ነው፤ ተቃርኖ ካለበት ሐሳብ ደግሞ በሎጂክ ማንኛውም ነገር ይከተላል። በሦስት ሺህ መዝገብ ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል ሙሉውን ሞዴል ከጥቅም ውጭ ታደርገዋለች። ፕሮቴዤ የተቃርኖውን ምክንያት የሚያሳይ መሣሪያ ስላለው ልጓም የሌለው ችግር አይደለም፤ ቢሆንም መዝገብ የማጽዳት ሥራ ለሪዝነር የሚሰጥ ሥራ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በዚሁ አጋጣሚ የፕሮፐርቲ መነሻና መድረሻ ክፍሎችንም ይፈትሹ። «ባል» የሚለው ፕሮፐርቲ መነሻው ሴት ነው ማለት ወንድ እንዳይገባ መከልከል አይደለም፤ የገባውን ሁሉ ሴት ነው ብሎ መደምደም ነው። ባልና ሚስትን ገልብጦ የጻፈ መዝጋቢ አቶ እገሌን ሳያውቅ ሴት ያደርጋቸዋል።

ሦስተኛው፣ አንድ ሌሊት የፈጀብዎ ነገር፣ እርስዎ ከፈጸሙት ስህተት የመጣ አይደለም። ከአንድ እስከ ሰባት ወደ ላይ ወጥቶ ከአንድ እስከ ሰባት ወደ ታች የሚወርደውን ሁሉ በሰንሰለት ለመጻፍ 49 አክሲዮሞች ያስፈልጋሉ። እነዚህ ሰንሰለቶች በሪዝነሩ ሆድ ውስጥ ወደ ትልልቅ ምናባዊ ማሽኖች ይለወጣሉ፤ ማሽኖቹም ከአክሲዮሞቹ ብዛት እጅግ በፈጠነ መጠን ሊያብጡ ይችላሉ። የቭጌኒ ካዛኮቭ በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጠው አውል 2 የቆመበት ሎጂክ በከፋው ሁኔታ የሚጠይቀው ጊዜ በሁለት ፎቅ የተደራረበ ኤክስፖኔንሻል (በየእርምጃው በእጥፍ እየተባዛ የሚያድግ) ነው፤ ከቀድሞዎቹ ሎጂኮች በላይ አንድ ፎቅ የጨመሩበትም እነዚሁ የፕሮፐርቲ ሰንሰለቶች ናቸው። የከፋው ሁኔታ ሁልጊዜ አይደርስም። ሰንሰለትን፣ ተገላቢጦሽ ፕሮፐርቲን (እንደ ወላጅና ልጅ)፣ የቁጥር ገደብንና «ሰው ሁሉ ወላጅ አለው» የሚለውን በአንድ ላይ ያስቀመጠ ሞዴል ግን ሊደርስበት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሞዴል ነው።

ቋንቋው ይህን ስለሚያውቅ ሦስት ጠባብ መገለጫዎች፣ ማለትም አቅማቸው የተቀነሰ የቋንቋው ዓይነቶች፣ አሉት። ኢኤል የሚባለው ለትልልቅ የቃላት ሥርዓቶች ነው፤ ተገላቢጦሽ ፕሮፐርቲ ስለሌለው ለዘር ሐረግ አይመችም። ኪውኤል በመረጃ ቋት ላይ ለሚቀመጥ ጥያቄ ነው። ለእርስዎ የሚቀርበው አርኤል ነው፤ ሥራው መረጃው ሲጨምር በመጠን እንጂ በፍንዳታ አይጨምርም፣ ስም የሌለው ቅድመ አያትም አይፈጥርም፣ ምክንያቱም «ሰው ሁሉ እናት አለው» የሚል ድምዳሜ አይቀበልም። እንደዚያም ሆኖ ሁሉም ከሁሉም ጋር በሚዛመድበት የሦስት ሺህ ሰው ጎሳ ውስጥ የዘመድ ጥንዶቹን ሁሉ አስልቶ ማስቀመጥ እስከ 9 ሚሊዮን የሚደርስ ድምዳሜ ማጠራቀም ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን የሁለት ሰዎችን ብቻ ነው።

ስዊርል ያድናል ብለው ተስፋ ካደረጉ፣ ስለ እርሱም ግልጽ ልሁን። በ2004 እ.ኤ.አ. ለድር ጥምረቱ እንደ ሐሳብ ቀርቦ እስከ ዛሬ ይፋዊ መስፈርት አልሆነም። ከአውል ጋር ሙሉ በሙሉ ሲጣመር ሥራው የሚያልቅበት ስልት እንደሌለ የተረጋገጠ በመሆኑ ሪዝነሮቹ ልጓም ያበጁለታል፦ በሕጉ ውስጥ ያሉት ተለዋዋጮች የሚይዙት በመዝገቡ ላይ ስም ያላቸውን ሰዎች ብቻ ነው። ሄርሚትና ፔሌት የተባሉት ሪዝነሮች በዚህ ልጓም ነው የሚሠሩት። ውጤቱ ብዙ ሰው ያስገርማል። ሪዝነሩ ሰላማዊት በእናቷ በኩል ቅድመ አያት እንዳላት ያውቃል፤ ቅድመ አያቷ ስም ስለሌላት ግን ስለ ቅድመ አያት የጻፉት ሕግ አይነሳላትም። ሕጉ የተሳሳተ ይመስልዎትና ለሳምንት ያርሙታል፤ የጎደለው ግን አንዲት ስም ናት።

የቤተሰብ ሕጉ ክፍል ይበልጥ አስቸጋሪ ነው፣ እዚህ ላይም ትንሽ ልቆይ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከሰባት ቤት ጋር አንድ አይደለም። አዋጁ ወደ ላይና ወደ ታች የሚቆጠረውን የሥጋ ዝምድና ይከለክላል፤ ወደ ጎን ደግሞ ወንድ ከእህቱና ከአክስቱ፣ ሴት ከወንድሟና ከአጎቷ እንዳይጋቡ ይላል። የአጎት ልጅን በስም አይከለክልም። ሰባት ቤት መቁጠር በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ከሕግ የከበደ ልማድ ነው፣ የሁሉም ልማድ ግን አይደለም። ሁለቱን በአንድ «ተከልክሏል» በሚል ክፍል ውስጥ ካስገቡ መዝገብዎ በሕግ የተፈቀደውን ክልክል፣ በልማድ የተነወረውን ሕገ ወጥ እያለ ይናገራል። ስለዚህ «በአዋጁ ክልክል» እና «በልማድ ነውር» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ይኑርዎት። ይህን መለያየት ኦንቶሎጂ አሳምሮ ይሠራዋል።

ዕድሜን ግን አይሠራውም። አንቀጽ 7 ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። አውል አንድ ቁጥር ከ18 ያንሳል ወይም ይበልጣል ማለት ይችላል፤ የልደትን ቀን ከጋብቻው ቀን ቀንሶ ዕድሜ ማውጣት ግን አይችልም፣ የአንድን ሰው ሁለት ፕሮፐርቲዎችም እርስ በርስ አያነጻጽርም። ስዊርል ለሒሳብ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ተግባሮች አሉት፤ ፔሌት ይቀበላቸዋል፣ ሄርሚት አይቀበላቸውም፤ አንድ ፋይል በአንዱ ሠርቶ በሌላው የሚወድቀውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። በላዩ ላይ የቀን ዓይነቱ ጎርጎርዮሳዊ ብቻ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም.ን እንደ አሥራ ሦስተኛ ወር ቢያስገቡት ዋጋው ልክ አይደለም ተብሎ ይመለሳል፤ እሱስ መልካም ነው፣ ስህተቱ ታየ። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ስህተት ነው። በ2000 ዓ.ም. መጋቢት የተወለደች ልጅ ዓመቷ ሳይቀየር እንዳለ ቢገባ፣ ሶፍትዌሩ በ2018 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ 18 ዓመት ሞላት ይላል። ልጅቷ ግን ያን ጊዜ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ናት። የቀን መቁጠሪያውን የሚቀይረው ኮድ ከኦንቶሎጂው ውጭ፣ መረጃው ሲገባ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሁን።

ከዕድሜው ይልቅ መሠረታዊ የሆነው ችግር በስተቀሩ ነው። ሕግ ማለት አጠቃላይ ደንብና በስተቀር ነው። 18 ዓመት ካልሞላ አይቻልም፤ በስተቀር የፍትሕ ሚኒስትሩ በከባድ ምክንያት ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ሊቀንስ ይችላል። ሴት ጋብቻዋ ከፈረሰ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ ሌላ ጋብቻ መፈጸም አትችልም፤ በስተቀር በመካከሉ ከወለደች፣ ወይም የቀድሞ ባሏን መልሳ ካገባች፣ ወይም እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካነሳላት። አውልም ስዊርልም አንድ ጊዜ የተደመደመውን ነገር አዲስ መረጃ ሲመጣ አያነሱም፤ መረጃ በጨመረ ቁጥር ድምዳሜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሰኞ «አትችልም» ብሎ የደመደመ ሕግ ማክሰኞ የሐኪም ማስረጃ ሲገባ ድምዳሜውን አይተውም። «የሐኪም ማስረጃ ከሌለ» የሚል ሁኔታ በሕጉ ላይ ልጨምር እንዳይሉ፣ አለመኖርን በአለመገኘት የሚያረጋግጥ አሉታ ስዊርል ውስጥ የለም፤ በክፍት ዓለም ደግሞ ያልተጻፈ ማስረጃ የሌለ ማስረጃ አይደለም። እኔ ከቋንቋው ገደቦች ሁሉ ለሕግ ነክ ሥራ ይህንን ነው ዋናው የምለው፤ ፍጥነት በገንዘብ ይገዛል፣ ይህ አይገዛም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ታዲያ አውል ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋም። የሕክምና ቃላት ሥርዓት የሆነውን ስኖሜድ ሲቲን ይመልከቱ። ከ350,000 በላይ ጽንሰ ሐሳቦች አሉት፤ ከመካከላቸው የትኛው ከየትኛው ሥር እንደሚገባ በሰው እጅ መከታተል የማይታሰብ ነው። በኢኤል መገለጫ ስለተጻፈ ኤልክ የሚባለው ሪዝነር በሰከንዶች ውስጥ ይመድበዋል። ከኤልክ ሠሪዎች አንዱ ደግሞ ከላይ ያነሳሁት ካዛኮቭ ነው፤ ቋንቋው የት ላይ እንደሚሰምጥ ያሳየው ሰው የት ላይ እንደሚሮጥም አሳይቷል። ነገር ግን ስኖሜድ የሚናገረው ስለ በሽታና ስለ አካል ክፍል ምንነት ነው፤ አንድ የተወሰነ ሕመምተኛ ትናንት ማታ መድኃኒት አልወሰደም የሚለውን እንዲነግርዎ አልተሠራም። የእርስዎ ሁለቱ ጥያቄዎች፣ የሌለ ዝምድናና በስተቀር ያለው ደንብ፣ ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ኦንቶሎጂውን አይጣሉት፤ ያሳጥሩት። ወላጅ፣ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ጋብቻ፣ ሁለቱ የክልከላ ክፍሎች፣ ይህ ይበቃል፤ በአርኤል ወሰን ውስጥ ያቆዩት። ጋብቻን በባልና በሚስት መካከል ባለ መስመር ብቻ ከማሳየት ራሱን የቻለ ነገር ያድርጉት፣ ምክንያቱም የአውል ፕሮፐርቲ ሁለት ነገር ብቻ ስለሚያገናኝ የተፈጸመበትንና የፈረሰበትን ቀን የሚሰቅሉበት ሌላ ቦታ የለዎትም። «ሰው ሁሉ እናትና አባት አለው» የሚለውን ያውጡት። እውነት ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ስም የሌላቸው አያቶች ከመፍጠር በቀር የሚሠራልዎ የለም።

የመዝገቡን ሙሉነት ለሻክል ይስጡት። ሻክል በ2017 እ.ኤ.አ. መስፈርት የሆነው መረጃ ቅርጹን ጠብቆ መገኘቱን እንዲያጣራ ነው፤ ድምዳሜ አያወጣም፣ የጎደለውን ይቆጥራል። «እናቱ ያልተጻፈች ሰው»፣ «ሁለት አባት የተጻፈለት ልጅ»፣ «ከልጁ በኋላ የተወለደ አባት» የሚሉትን በዝርዝር ያወጣልዎታል፤ ባል የተጻፈለት ወንድ ካገኘም ይጮሃል፣ ሴት አያደርገውም። የዓለሙንና የአለሙን ጉዳይ ግን ከዚያም በፊት፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ በማምጣትና የቀረውን ሰው እንዲያየው በማድረግ ይጨርሱት።

የጋራ አያት ፍለጋው የጥያቄ ቋንቋ ሥራ ነው፣ እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። የስፓርክል ጥያቄ ወላጅን እየተከተለ ወደ ላይ መውጣት ይችላል፤ ስንት ደረጃ እንደወጣ ግን አይነግርዎትም፣ በረቂቁ ላይ የነበረው «ከዚህ እስከዚህ ደረጃ» የሚለው አጻጻፍም ከመጨረሻው መስፈርት ወጥቷል። ሰባት ቤት ለመቁጠር ቆጣሪ ይዞ የሚወጣ ነገር ስለሚያስፈልግ ዳታሎግ የተባለው የደንብ ቋንቋ ወይም የመረጃ ቋቶች ቋንቋ የሆነው ተራው የኤስኪውኤል ተደጋጋሚ ጥያቄ ይሻላል። ከሰላማዊት ወደ ላይ፣ ከዳዊት ወደ ላይ፣ ቆጣሪው ሰባት ሲደርስ ቁም፣ ሁለቱን ዝርዝሮች አገናኝ። በሦስት ሺህ ስም ላይ ይህ የሰከንድ ክፋይ ሥራ ነው፤ ሪዝነርዎ ሌሊቱን ያደረበት ጥያቄ ይኸው ነበር።

መልሱ ሁለት ዓይነት ሳይሆን ሦስት ዓይነት ይሁን። አንደኛው «ይዛመዳሉ፤ የጋራ አያታቸው እገሌ ናቸው፣ በዚህ በኩል በአራት፣ በዚያ በኩል በአምስት ቤት» የሚል ነው። ሁለተኛው «የሁለቱም መዝገብ እስከ ወሰኑ ድረስ ሙሉ ነው፣ የጋራ አያት አልተገኘም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የጋራ አያት አልተገኘም፣ ነገር ግን የሰላማዊት የእናት ወገን ከአያቷ በላይ አልተጻፈም» ብሎ ማን መጠየቅ እንዳለበት ይጠቁማል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚለየው የሻክል ዘገባ ነው። ሦስተኛው መልስ በጣም ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ያ የሞዴሉ ውድቀት አይደለም፣ የመዝገቡ እውነተኛ ሁኔታ ነው።

በስተቀር ያላቸውን የአዋጁን ደንቦች በተመለከተ፣ አሉታን በሚቀበል ዳታሎግ ሊጽፏቸው ይችላሉ፤ እኔ ግን ሶፍትዌሩ «180 ቀን አልሞላም፣ በስተቀር መኖሩን የሚያሳይ ሰነድ አልቀረበም» ብሎ እንዲቆምና ውሳኔውን ለክብር መዝገብ ሹሙ እንዲተው እመርጣለሁ። ከባድ ምክንያት ማለት ምን እንደሆነ ለኮምፒውተር በሚገባ የሕግ ቋንቋ የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ቀርቷል። በጥያቄው ውስጥ 7 የሚለውን ቁጥር ከመጻፍዎ በፊት በቤተሰብዎ ቆጠራው ከራስ ይጀምር እንደሆነ ወይም ከወላጅ አዋቂዎቹን ይጠይቁ። ከራስ ከተጀመረ ወሰኑ ስድስት ደረጃ ወደ ላይ ነው፣ ለአንድ ሰውም ቢበዛ 126 ስም ይፈለጋል፤ ከወላጅ ከተጀመረ ሰባት ደረጃ ይሆንና 254 ስም ይፈለጋል። ጎደሎው ለሁለቱ ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት የሻክል ፋይሉን በመጀመሪያው ወሰን አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው አንድ ጊዜ ያስኬዱት።